የጥር ጨርቅ

ጥር አንድ ቀን ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ አያ ይመር መሰላሉንና ከረጢቱን ይዞ ወደ ውሃ ልክ ሰፈር ወረደ። እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ በአርባ ቤቶች በር ላይ አርባ ነጭ ጨርቅ ሰቀለ። ጨርቁ ክንድ በክንድ ነው። ሠላሳ ቀን ውሎ ያድርና የካቲት አንድ ይነሳል። ያን ዕለት አያ ይመር ከኪሱ ሰባት መልክ ያላት ካርድ ያወጣና ከጨርቁ ጋር ያስተያያል። አንድ ቁጥር እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሰባት ቁጥር ከሰል ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። በሳርአምባ ከተማ ይህ ሥራ ከተጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ሳርአምባ ዙሪያዋን ተራራ ነው። ሌላው አገር ድምፅም ጭስም የሌለው መጓጓዣ ሲገዛ፣ የጣላቸው ሞተር ሳይክሎችና ባጃጆች በባቡር ተጭነው መጥተው እዚህ አረፉ። አሁን ለሦስት ሰው አንድ ሞተር ይደርሳል። ጭሱ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወርዶም የሚተኛው ውሃ ልክ ላይ ነው። በሰፈሩ ነጭ በግ የለም። ለዓረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ የሚገዛ ሰው ፀጉሩን በጣቱ ገልጦ ሥሩን ያያል። ሰላምታም አጥሯል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ "እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው" የሚባለው ቤት ተገብቶ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሉባባ ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው የልጇን ኳስ ነው። ልጇ ኢክራም ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የላስቲክ ቱቦ ሰጥቷል፤ ውስጡ የአተር ፍሬ የምታህል ኳስ አለች። ልጁ ሲነፋ ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች። አረንጓዴውን መስመር ከነካች ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ካልነካች ቤት ይውላል። በዓመት ሃያ ቀን የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል። ጥር ሲገባ ኢክራም አሥራ አራት ቀን ቀርታ ነበር።

"እማ፣ ነካች! አየሻት?"

"አልነካችም። ትንሽ ቀራት። አረፍ በይና እንደገና ንፊ።"

"ጣትሽ ከልሏት ነው። ጣትሽን አንሺልኝ።"

ሉባባ ጣቷን ታነሳለች። ኢክራም ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትነፋለች። ኳሷ ከመስመሩ በታች ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንዳንድ ቀን በሦስተኛው ትነካለች፤ አንዳንድ ቀን በአሥረኛውም አትነካም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በውሃ ልክ ደወል ይደወላል። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በሰፈሩ መንገድ ሞተር አይነሳም። ይህ የልጆች ሰዓት ይባላል። በሮች ይከፈታሉ፣ ልጆች ይወጣሉ፣ ጭሱ እስከ ጉልበት ዝቅ ይላል። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ለሉባባ በግልጽ ነግራታለች፤ ልጅቷ ከዚህ ሰዓት ውጭ መንገድ ላይ መታየት የለባትም። ከሦስት ዓመት በፊት የከሰዓት በኋላም ሰዓት ነበር። "የውሃ ልክ አየር ስለተሻሻለ" ተብሎ ለላይ ሰፈር ተሰጠ። እንዴት እንደተሻሻለ ግን ለማንም አልገባም።

ሉባባ ራሷ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያደገችው። ልጅ ሳለች በጭሱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ስድስት ዓመት ተዘግተው ነበር። ሲከፈቱ እሷ ትልቅ ልጅ ሆና፣ ውሃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ ሆና አገኟት። የእድሜ እኩዮቿ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ኢክራምም ከመዝገብ ተሰርዛ እንደሷ እንዳትቀር ትፈራለች። ለዚህም ነው ባለፈው መስከረም፣ "ልጄን ማስጠናት እንኳ ልቻል" ብላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችው።

ጨርቁን ማጠብ የተጀመረው ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጎረቤቷ የእትዬ ደብሪቱ ጨርቅ ሲነሳ አያ ይመር "ስድስት!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ደብሪቱ በንጽሕናዋ ሰፈሩ ሁሉ የሚምልባት ሴት ናት፤ ደጃፏን በቀን ሦስት ጊዜ ትጠርጋለች። ያን ዕለት በሯን ዘግታ ገባች፤ ሳምንት አልወጣችም። በዓመቱ ጥር ሠላሳ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቁን በጸጥታ አውርዳ በእንዶድ አሸችው፣ በበረኪና ዘፈዘፈችው፣ ምድጃ አጠገብ አድርቃ በየካቲት አንድ ንጋት መልሳ ሰቀለችው። አንድ ቁጥር ወጣላት። አንደኛ! ሌሎቹ ሴቶች ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ጥር ሠላሳ በውሃ ልክ የእጥበት ቀን ነው። እትዬ ደብሪቱ ዘጠኝ ዓመት ተከታትላ አንደኛ ወጥታለች። ሉባባም ከሁለትና ከሦስት ቁጥር ወርዳ አታውቅም።

ጥር ስድስት ቅዳሜ ነበር። የጎልማሶቹ መምህርት ፋናዬ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ ጽሑፍ ገልብጦ እንዲያመጣ አዝዛ ነበር። ሉባባ የገለበጠችው አያ ይመር በየዓመቱ ከጨርቁ ሥር በሩ ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። እየለጠፈው አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ያነበበው የለም። ባሏ ኑርዬ ማንበብ ይችላል፤ ግን ጨርቅ የሴት ጉዳይ ነው ብሎ ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ማንበብ የሚችሉት አያጥቡም፤ የሚያጥቡት ማንበብ አይችሉም።

ሉባባ ከክፍሉ ፊት ቆመች። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደች ጀመረች።

"ይህ ጨርቅ... የሚለካው... አየሩን ነው። ቤቱን አይደለም። እንዳይታጠብ... እንዳይራገፍ። ጨርቁ የጠቆረበት ሰፈር... የልጆች ሰዓት... ይጨመርለታል። ጨርቁ የነጣበት ሰፈር... የልጆች ሰዓት... ይቀነስበታል።"

"ጎበዝ!" አለች መምህርቷ። "አንድም አልሳትሽም! አጨብጭቡላት።"

አጨበጨቡላት። ሉባባ ጭብጨባው አልተሰማትም። ወረቀቱን እንደያዘች ወጥታ ሄደች።

አያ ይመርን ያገኘችው ላይ ሰፈር መንገድ ላይ፣ አንድ ሚስማር ሲያጠብቅ ነው።

"አያ ይመር፣ ጨርቁን እንደምናጥበው ታውቃለህ?"

አያ ይመር ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዙሪያውን አየ። "ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።"

"ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?"

"እንዶድ ይሸታል እኮ። አፍንጫ የለኝም እንዴ?"

"ታዲያ ምነው አትነግረንም? አሥር ዓመት ሙሉ!"

"ነግሬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለእናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ 'ጨርቁን አትጠቡት' አልኳት። 'ቤቴን ቆሻሻ ነው ልትለኝ ነው' ብላ ሰባት ወር ሰላም አላለችኝም። ከዚያ ወዲያ ማንን ልናገር? የሰው ሚስት ደጅ ቆሜ ጨርቅሽ ይቁሽሽ ልበል?"

ሉባባ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችው። "ልጄ አሥራ አምስት ቀን ቀርታለች፣ አያ ይመር። ይህችም ሰዓት ከተነሳች ትምህርት ቤት አትደርስም። ምን ላድርግ?"

አያ ይመር መዶሻውን ኪሱ ከተተ። ቀስ ብሎም ወረደ።

"አንድ ደንብ አለ። ከአርባው ቤት አንዱ እንኳ አምስት ቁጥር ካለፈ፣ ባለሙያዎች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ወርደው መለካት ግድ ይሆንባቸዋል። መሣሪያው በእንዶድ አይታለልም። አንድ ጥቁር ጨርቅ ይበቃል። አንድ ብቻ።"

በማግስቱ ሉባባ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ወረቀቱን በጉያዋ ይዛ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አሰልፈው፣ ጣሪያና በር ባለው የቦኖው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

"ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው" አለች። "የሚለካው አየሩን ነው፣ ቤታችንን አይደለም። ባናጥበው ነው የሚበጀን።"

"ማን አነበበልሽ?" አለች ሰዓዳ፣ ከወዲያ ማዶ የምትኖረው።

"ራሴ።"

"ራስሽ? በአምስት ወር?" ሰዓዳ ሳቀች። "እኔ ገና ሐመሩ ሐ ላይ ናት ሲሉ ነው የሰማሁት!"

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ደብሪቱ እጇን አነሳች።

"ተዉአት፣ አትሳቁባት። ሉቤ፣ እሺ፣ አየሩን ይለካል እንበል። የሚያልፈው ሰው ግን አየሩ ቆሸሸ ይላል ወይስ የደብሪቱ ቤት ቆሸሸ ይላል? የልጄ ሽማግሌዎች የካቲት ሁለት ይመጣሉ። ስድስት ቁጥር ተጠርቶብኝ ነው የምቀበላቸው?"

"ጨርቁ አንድ ቀን ቀድሞ ይነሳል እኮ፣ እትዬ።"

"ወሬው ይነሳል? በማርያም፣ አንቺም ሴት ልጅ አለሽ፤ ነገ ይደርስብሻል።"

ሉባባ ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተች። እሷ ግን ጨርቋን እንደማታጥብ ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከእትዬ ደብሪቱ አንድ ቁጥር አጠገብ የራሷን ሰባት ቁጥር ልትሰቅል መሆኑን በሰው ፊት መናገር ሴትየዋን መንካት መሰላት። ጀሪካኗን ወደ ሰልፉ አስጠጋች። ሴቶቹም ሐሳቧን የተወችው መሰላቸው።

ጨርቁ በአሥረኛው ቀን አመድ መሰለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እርጥብ አመድ መሰለ። በሃያኛው ቀን የድሩ ቀዳዳ ተደፍኖ እንደ ቆዳ ደረቀ። ሉባባ በሩን በከፈተች ቁጥር እጇ ወደ ጨርቁ ይሄድና ትመልሰዋለች። ወላሂ፣ ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አላሰበችም ነበር። መንገደኛ ቀና ባለ ቁጥር ፊቷ ይግላል።

ኑርዬ የባጃጅ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ማታ ሲገባ ከበሩ ላይ ቆም ብሎ ጨርቁን አየ። ጣቱን አስነክቶ ጣቱን ተመለከተ።

"ከዚህ ውስጥ የኔ ባጃጅ የትኛው ይሆን?" አለ።

ሊያስቃት ነበር። ሳይስቁ ገቡ።

ጥር ሠላሳ ጠዋት ኢክራም ቱቦውን አፏ ላይ አድርጋ ነፋች፤ ኳሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ልጅቷ ቱቦውን አስቀመጠች። ልታለቅስ ፈለገች፣ ለማልቀስ የሚሆን ትንፋሽ አጣች። ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ኑርዬ አቅፏት ወደ ባጃጁ ሮጠ። ሉባባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላው ስትወጣ እትዬ ደብሪቱ ደጃፏን ስትጠርግ አገኘቻት።

"እትዬ፣ በሬን አደራ!"

"ሂጂ፣ ሂጂ! እኔ አለሁልሽ!"

ጤና ጣቢያው ውስጥ የትንፋሽ ክፍል የሚባል አለ። ሃያ አልጋ ነው፤ በእያንዳንዱ አልጋ ሁለት ሁለት ልጅ አለ፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ። የኦክስጅን ጭምብሉን በየተራ ያደርጉታል። ኢክራም ተራዋ ሲያልፍ ጭምብሉን ለግርጌዋ ልጅ በእግሯ ትገፋለታለች። ሉባባ ሌሊቱን እጇን ልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ አደረች። አንድ ነገር ብቻ አጽናናት፤ ነገ ጨርቁ ይነሳል፤ ነገ አያ ይመር ሰባት ብሎ ይጠራል። ይጥራው። ጮኾ ይጥራው።

በየካቲት አንድ እኩለ ቀን ላይ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች። በሩ ላይ ጨርቅ አልነበረም፤ አራቱ ሚስማሮች ብቻ ቀርተዋል። እትዬ ደብሪቱ በማንቆርቆሪያ የያዘችውን አጥሚት ሳታስቀምጥ ወደ እሷ መጣች። አብረው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

"አይዞሽ፣ ሉቤ፣ አላሳፈርኩሽም" አለች እትዬ ደብሪቱ። "ልጅ ታሞባት፣ ሳታጥበው ሄዳ፣ ጥቁር ተጠርቶባት ቆሜ ልይ? ሦስቴ ነው ያጠብኩት! እንደ ቅጥራን ይዞ አልለቅም አለኝ። ጣቴን እዪው።"

ጣቶቿን ዘረጋች። በረኪናው ከጥፍሮቿ ሥር ቆዳውን ልጦት፣ ጫፎቹ ቀልተው ነበር።

"ሁለት ቁጥር ነው የወጣልሽ። እንደ ኔ አንድ ባወጣልሽ ደስ ባለኝ፤ ጊዜ አጠረኝ።"

ሉባባ ጣቶቹን አየች። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኛች፣ ቀና አለች፣ ደግማ ጣቶቹን አየች።

"እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ" አለች።

አያ ይመርን ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ደረሰችበት። ከረጢቱን አስረክቦ ባዶ እጁን ነበር።

"ነጭ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ" አላት። "ሐሳብሽን የለወጥሽ መሰለኝ።"

"አሁን ብነግራቸውስ? ጎረቤቴ ናት ያጠበችው ብዬ ብምልላቸውስ?"

"መዝገቡ ተዘግቷል። ቆጠራው የዛሬ ዓመት ነው።" ካርዷን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተታት። "ትናንት ልጅቷን ይዘሽ ስትወጪ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅልሽ ነበር። ምን ያደርጋል።"

የካቲት ሃያ ላይ ለውሃ ልክ ሰፈር ደብዳቤ መጣ። ማኅተም ነበረበት፣ ዳር ዳሩ በአበባ ሥዕል ተከቦ ነበር። ሴቶቹ ቦኖው ቤት ተሰብስበው ሉባባን አስጠሩ።

"ነይ አንብቢልን" አለች ሰዓዳ። "ዛሬ አንስቅብሽም።"

ሉባባ ደብዳቤውን ተቀበለች። "ውሃ ልክ ሰፈር በአየር ንጽሕና ከሳርአምባ ከተማ ሰፈሮች አንደኛ በመውጣቱ እንኳን ደስ አላችሁ" ብላ አነበበች።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ሰዓዳ እትዬ ደብሪቱን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። "አንቺ ነሽ! ሁሉም ያንቺ ነው!" አለቻት። እትዬ ደብሪቱ ገና እልል እያለች ነበር። ሉባባ እስኪበቃቸው ጠበቀች።

"ገና አልጨረስኩም" አለች። "ስለሆነም የልጆች ሰዓት የማያስፈልገው ሆኖ ስለተገኘ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ተነስቷል። በላይ ሰፈር በኩል ያልፉ የነበሩ ሞተሮች ጠዋት ጠዋት በውሃ ልክ መንገድ እንዲያልፉ ተወስኗል።"

አንዱ ጀሪካን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቧንቧውን የዘጋው የለም።

"ሉቤ" አለች እትዬ ደብሪቱ። "እስቲ ያን የመጨረሻውን ድገሚው። ገና ጀማሪ ነሽ፣ ተሳስተሽ ይሆናል።"

ሉባባ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ፣ ደገመችው። ያው ነበር። እትዬ ደብሪቱ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ሰኞ ጠዋት ኢክራም በሰባተኛው ነፋች፤ ኳሷ መስመሩን ነካች። እስከዚያ ቀን አሥራ ስምንት ቀን ቀርታለች። ሉባባ የልጅቷን አፍና አፍንጫ በእርጥብ ሻሽ አሰረች፣ ቦርሳዋን አሸከመቻት፣ በሩን ከፈተች።

ደወሉ አልተደወለም። መንገዱ ላይ ባጃጅ በባጃጅ፣ ሞተር በሞተር ላይ ተያይዞ ከላይ ይወርድ ነበር። ከሁሉም ፊት የኑርዬ ባጃጅ ነበረች፤ የባጃጅ ሹፌሮች ማኅበር ይህን መንገድ ለእሱም መድቦለታል። ኑርዬ ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ትከሻውን ከባጃጁ ጎን አስደግፎ መግፋት ጀመረ።

"ሹፌር፣ ቤንዚን አለቀብህ እንዴ?" አለ ከውስጥ አንዱ ተሳፋሪ።

"አላለቀም።"

"ታዲያ ምን ያስገፋሃል?"

"ቤቴ ነው።"

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ኑርዬ ገፋ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የሚቀድመው አልነበረም። ከኋላው የተሰለፉት ሞተራቸውን እንዳስነሱ ቆሙ። ጡሩምባ ነፉ፣ ነዳጅ ረገጡ። በሩጫ ቢሆን ኖሮ በአንድ አፍታ ያልፉ የነበሩት፣ እሱ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር አንድ እርምጃ እየተራመዱ፣ ከሃያ በላይ ሆነው ሉባባ ደጃፍ ላይ ተከመሩ። ጭሱ ከመሬት ተነሳ። ጉልበት ደረሰ። የኢክራም ፊት ደረሰ።

ኑርዬ በሩ ላይ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

"ውጡ! አሁን ውጡ፣ ቶሎ እለፉ! እኔ ይዤላችኋለሁ!"

ሉባባ ልጅቷን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ እሷ ወጣች። አጠገቡ ደርሳ እጇን እጁ ላይ አደረገች።

"ኑርዬ፣ አስነሳው።"

"እናንተ እስክታልፉ ነው፣ ሉባ። አንድ ደቂቃ—"

"ዞረህ እይ።"

ዞረ። የመንገዱን መጨረሻ ማየት አልቻለም፤ መብራቶቹ ብቻ በጭሱ ውስጥ ቢጫ ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ትከሻውን ከባጃጁ አነሳ። ተሳፋሪዎቹ አሁን አይስቁም ነበር፤ አንዷ ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ወደ ሌላ በኩል ታያለች።

"አስነሳውና ሂድ" አለች ሉባባ። "ቶሎ ብለህ ሂድ። እባክህ።"

ኑርዬ ገብቶ ተቀመጠ። ማስነሻውን ሳበው፤ በሦስተኛው ተነሳ። ወደ ኋላ ሳያይ ነዳጅ ሰጠው፤ ሰልፉም ተከትሎት ፈሰሰ።

ሉባባ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቀች። ኢክራም በሩን ፊት ለፊት እያየች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ሻሿን ፈታችላት። ቦርሳዋን ልታወርድላት ስትል ግን ልጅቷ ማንገቻውን ጨብጣ አልለቅም አለች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከጀርባዋ አላወረደችውም።